አሮጊቷና ሙሽራዋ

ሰኔ 24፣ ሰኞ

ጊታሬን ዛሬ ከጥገና አመጣኋት። ሦስት ሳምንት ወንድሜ ሱቅ ተኝታ ነበር። አንገቷ ላይ የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች፣ ፍሬቶቹ፣ በእኔ ጣት ተበልተው አልቀው ስለነበር እነሱን ቀይሮልኛል። የእጁ ሥራ ንጹሕ ነው፣ አይካድም። ድምፅዋ ግን የእሷ አይደለም።

እዚያው ሱቁ ውስጥ አምፕሊፋየር ላይ ሰክቼ ያችን ቀስ ያለች የድሮ ዜማ ተጫወትኩ። የታችኞቹ ክሮች እንደ ወትሯቸው ናቸው። ወደ ላይ ስወጣ ግን ያ ጥርት ብሎ የሚወጣው ነገር የለም። ብርድ ልብስ ተከናንባ የምትዘፍን ነው የምትመስለው። ቀና ብዬ ወንድሜን አየሁት። ልክ ከፍተኛዋ ኖታ ላይ ስደርስ ዓይኑን ጨፈነ። ሰው ምን ቢሠራ ነው የእህቱን ዓይን ማየት የሚያቅተው?

"እንዴት ናት እታለም?" አለኝ። ደህና ናት አልኩት። ምን ልበል።

ሰኔ 26፣ ረቡዕ ማታ

ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው፤ አለዚያ እንቅልፍ የሚባል የለኝም።

ጊታሬን አሮጊቷ እላታለሁ። በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ሃምሳ ዘጠኝ ሞልቷታል። የገዛኋት በሃያ አንድ ዓመቴ፣ ጡረታ ከወጣ ጊታሪስት ነው። ወንድሜን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ሽቦ ይለዋል። ቀጭን ስለሆነም ነው፣ ከኪሱ ሽቦ ጠፍቶ ስለማያውቅም ነው። ሱቁ ግድግዳ ላይ አንዲት አዲስ ጊታር ሰቅሏል፤ ስሟን ሙሽራዋ ብለናታል። ያው የድሮው ፋብሪካ አሮጊቷን አስመስሎ አምና የሠራት ናት። ቅርጿ ያው፣ የለቀቀ ሰማያዊ ቀለሟ ያው። ክንድ የሚያርፍበት ቦታ እንኳ ማንም ሳይጫወትባት ተፍቆላታል። ሽበት ቀለም የተቀባች ወጣት ማለት ናት። ሽቦ እኔው ፊት ለደንበኞቹ "ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው እህቴም አትለያቸውም" ብሎ ስቋል። ያኔ እኔም ስቄያለሁ።

ሌላው ጠበቃው ነው። የሽቦ ደንበኛ ነው፤ አሮጌ ጊታር እየገዛ ቤቱን ሞልቷል። አሮጊቷን ሽጭልኝ ብሎ ሦስት ጊዜ ጠይቆኛል። በሦስተኛው "እርስዎ ባይሸጡልኝም አንድ ቀን እጄ ትገባለች" አለኝ፣ እየሳቀ።

እንግዲህ ገዢ አለ። መንትያዋ ግድግዳ ላይ አለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጊዜ ነበረው። ጭረቶቿን አንድ በአንድ አየሁ፤ ሁሉም በቦታቸው ናቸው። ክሮቹ የሚወጠሩበት ራሷ ላይ ያለው የሲጋራ ጠባሳም አለ። ግን ሽቦ ባለፈው ዓመት ለአንዱ ደንበኛ በጋለ ሚስማር እንዲህ ያለ ጠባሳ ሲሠራለት አይቻለሁ፤ አምስት ደቂቃም አልፈጀበት። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል።

እኔ ያሳደግሁት ልጅ ነው። አድርጎት ከሆነ ያጣሁት ጊታር ብቻ አይደለም፤ ወንድም የምለው ሰው አይኖረኝም።

ሰኔ 29፣ ቅዳሜ

ከልምምድ አዳራሹ አሁን ገባሁ። የባንዳችን መሪ ከበሮ መቺው ነው። ስቱዲዮው የድሮ ዜማዎቻችንን በነሐሴ መጨረሻ ሊቀርጽልን ተስማምቷል አለ። ሁሉም ደስ አላቸው። እኔ ድምፅ የሌላትን ጊታር ይዤ ምን ልሠራ ነው የምገባው?

ከበሮ መቺው ደግሞ ርካሽ ሲምባል ገዝቷል። እነዚያ የነሐስ ሳህኖች ሲመቱ ጨርቅ የሸፈናቸው ይመስላሉ። ስነግረው "ስድስት ዓመት የመታኋቸው ናቸው" ብሎ ማለ። ይዋሻል። ይባስ ብሎ የአምፕሊፋየሬን ቀጭን ድምፅ ቀንሺ፣ ጆሮዬን በሳሽው አለኝ። ሠላሳ ዓመት ከሲምባሎቹ አጠገብ ቆሜ እኔ አንድ ቀን ተናግሬዋለሁ?

ሐምሌ 3፣ ረቡዕ

የሻይ ማንቆርቆሪያው ውኃው አልቆ ተቃጠለ። ማፏጫው ተበላሽቷል። የበሩ ደወልም እንደዚሁ፤ ጎረቤቴ ሦስት ጊዜ ደውላ ተመለስኩ ብላ አኮረፈችኝ። ልጄ ተቆጣች። የዘንድሮ ዕቃ እንዲህ ነው፣ ሁሉም በአንድ ክረምት ይሞታል።

ሐምሌ 7፣ እሑድ ማታ

ሽቦ እንደ ልማዱ ለምሳ መጣ። ማዕድ ቤት ከልጄ ጋር ሲንሾካሾኩ ደረስኩባቸው። ገና በሩ ላይ ሳለሁ የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። "ቀኑ እስኪወሰን አትንገሪያት" አላት። ሲያዩኝ ዝም አሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ያለው ሰው እውነቱን ነው። የምን ቀን? የሽያጭ ቀን ካልሆነ የምን?

ማዕድ ላይ ነገር ፈልጌ ስለ አሮጌና ስለ አዲስ ጊታር አነሣሁ።

"እውነቱን ልንገርሽ እታለም?" አለ። "በሥራ አዲሶቹ ይበልጣሉ። አንገታቸው ቀጥ ያለ ነው፣ የክሩን ድምፅ የሚይዘው ማግኔታቸው አይንጫጫም። እንጨቱን የሚቆርጠው ማሽን አይደክመውም። የድሮዎቹን የሠራቸው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ሰኞ ሰኞ ያንቀላፋል።"

"ታዲያ ለምን ዐሥር እጥፍ ይሸጣሉ?"

"የሚሸጠው ዕድሜያቸው ነዋ። ያልተነኩ መሆናቸው። ያንቺ የፊት ሽፋን ከፋብሪካ ከወጣች ወዲህ ተከፍቶ አያውቅም፤ ውስጧ ያለው ብየዳ የመጀመሪያው ነው። ፍሬት ስቀይር እኔ ራሴ አልከፈትኩትም። ጠበቃው የሚያብደው ለድምፅዋ መሰለሽ?"

"ለድምፅዋ ነው እንጂ። አሮጌ እንጨት ደርቆ ነው የሚዘምረው።"

ልጄን አየት አደረጋት። እሷ ሳህኗን አየች። አልተከፈተም፣ አልተነካም ብሎ ሳይጠየቅ መማል ምን የሚሉት ነው? ማን ጠየቀው?

ሐምሌ 12፣ ዓርብ

ማስረጃ አገኘሁ።

ሽቦ ዕቃ ሊያደርስ ሲወጣ ሱቁን ጠብቂልኝ አለኝ። ሙሽራዋን ከግድግዳው አውርጄ ሰካኋት። ከዚያ ይዣት የሄድኩትን የእኔዋን። እንደገና እሷን። ሦስት ጊዜ አፈራረቅኋቸው። አንድ ናቸው። ያው ብርድ ልብስ፣ ያው የታፈነ ድምፅ። የሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ጊታርና ያምና ጊታር አንድ ዓይነት ድምፅ ሊኖራቸው አይችልም። ሠላሳ ስድስት ዓመት የያዝኳትን ልትነግሩኝ ነው? ቤቴ ያለችው ከዚያው ፋብሪካ የወጣች ሌላ የሙሽራዋ መንትያ ናት።

ሐምሌ 13፣ ቅዳሜ ማታ

ተናገርኩት። ለብቻው ላናግረው ነበር የሄድኩት። ጠበቃው አንዱን ጊታሩን ለጥገና አምጥቶ ሁለቱ አንገት ለአንገት ገጥመው ያወራሉ። ስገባ ዝም አሉ። አሁንስ በዛ አልኩ።

"አሮጊቷ የት ናት?"

"ቤትሽ ናታ" አለ ሽቦ።

"ቤቴ ያለችውን አውቃታለሁ። የእኔዋን ለማን ሰጠሃት?" ይህን ስል ዓይኔ ጠበቃው ላይ ነበር።

ጠበቃው ተነሣ። "ምን ማለትዎ ነው?" አለ።

ሽቦ ካቻቢቴውን አስቀመጠ። መጥቶ ፊት ለፊቴ ቆመና ቃሉን አንድ በአንድ እየለየ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው፣ "እታለም፣ ሌባ ነህ እያልሽኝ ነው?" አለኝ።

"እንዲህ ላለው ሥራ ሌላ ስም ካለው ንገረኝ።"

አፉን ከፈተ። ጠበቃውን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ አፉን ዘጋ። አላስተባበለም። ንጹሕ ሰው ይጮሃል፣ ይምላል፣ ዕቃ ይወረውራል። እሱ ዝም። ጠበቃው ጊታሩን ወደ ቦርሳው መልሶ "ሌላ ጊዜ" ብሎ ወጣ፤ ወንድሜን ቀና ብሎም አላየው።

ልክ ነው ያደረግሁት። ጽፌዋለሁ፣ ልክ ነው ያደረግሁት።

ሐምሌ 14፣ እሑድ

ለምሳ አልመጣም። ልጄ ሳህን አስቀምጣለት ነበር፤ ባዶውን አነሣችው። ፊቷን ወደ ማጠቢያው አዙራ አንድ ነገር ተናገረች። የዛሬ ልጆች ጥርሳቸውን ነክሰው ነው የሚያወሩት። "ምን አልሽ?" ስላት "ተዪው" አለች። ይሄ ተዪው የሚባል ነገር ቤታችን ውስጥ በዝቷል።

ሐምሌ 18፣ ሐሙስ ማታ

እናታችን ስትሞት እኔ ሃያ ነበርኩ፣ እሱ ስድስት። አሮጊቷን የገዛኋት በዓመቱ ነው። ማታ ማታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ምንም ሳልሰካ፣ በክሯ ብቻ ያችን ቀስ ያለች ዜማ እጫወትለት ነበር። ከፍተኛዋ ኖታ ላይ ካልደረስኩ አይተኛም። ስደርስ ዓይኑ ክድን ይላል። በዘጠኝ ዓመቱ የጎረቤት ሬዲዮ ፈታትቶ አስለቀሰኝ። ገጥሞ ሲመልሰው ድሮ የማይዘው ጣቢያ ሁሉ ይያዝ ጀመር።

ይህ ልጅ ይሰርቀኛል? እላለሁ። ቀጥሎ ደግሞ ሹክሹክታው ትዝ ይለኛል፣ "አትንገሪያት" ማለቱ፣ የሁለቱ ጊታሮች አንድ መሆን። ደሜ መልሶ ይፈላል። ሰው ፊት ባልናገረው ጥሩ ነበር። እሱን እቀበላለሁ። ሌላውን አልቀበልም።

ሐምሌ 23፣ ማክሰኞ

ልምምድ። ከበሮ መቺው ሁለት ጊዜ አስቆመን፤ ሁለቱንም ጊዜ በእኔ ነው። ወጣቱ ኪቦርድ ተጫዋች ጆሮውን ሲይዝ አየሁት። ሁሉም አንድ ላይ የተማከረ ይመስላል።

ሐምሌ 27፣ ቅዳሜ

ልጄ ሥራ ናት። ጠረጴዛው ላይ ፎጣ አንጥፌ ጊታሯን አስተኛኋት። የድምፅ ቁልፎቹ ጀርባ ላይ ፋብሪካው የሚመታው ቁጥር አለ፤ የመጨረሻዎቹ አኃዞች የተሠራበትን ዓመት ይናገራሉ። ይህን ያስተማረኝ ራሱ ሽቦ ነው። በራሱ ትምህርት ልያዘው።

ዐሥራ አንዱን ብሎን ፈትቼ የፊት ሽፋኑን ገለበጥኩ። የቁጥሩ ግማሽ በብየዳው ጠብታና በሽቦው ሥር ተደብቋል። ወንድሜ ቤቴ ትቶት የሄደ አሮጌ መበየጃ ነበረኝ፤ አግዬ ጠብታውን አቀለጥኩት። አንዱ ሽቦ ተነቀለ፣ ሁለተኛውም ተከተለ። በጨርቅ ጠረግሁት። ቁጥሩ ወጣ። እኔ ከመወለዴ ሁለት ዓመት በፊት ይላል።

ቁጭ አልኩ። ከዚያ ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ፣ ቁልፎቹን ከአሮጊቷ ነቅሎ አዲስ አካል ውስጥ ከቷቸው ቢሆንስ አልኩ። ሽቦ ይችላል። አንገቷን የሚይዙትን አራት ብሎኖች ፈታሁ። ቫርኒሹ ከዘመን ብዛት ተጣብቋል፤ በቢላ ጫፍ ፈለቀቅሁት። ቋ አለ። የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ሰማያዊ ቀለም ተፈንቅሎ ፎጣው ላይ ወደቀ። አንገቷ ሥር፣ ባዶው እንጨት ላይ፣ የሠራት ሰው በእርሳስ ቀኑን ጽፎ ሁለት ፊደል ፈርሟል። የዛሬ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት። እርሳሱ ትናንት የተጻፈ ይመስላል።

እሷው ናት። ሌላ ጊታር አልነበረም።

ታዲያ ድምፅዋ የት ሄደ?

ሐምሌ 28፣ እሑድ

ጠዋት ልጄ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጉድ አየች። ማንቆርቆሪያውን ምድጃው ላይ ጣደችና ከፊቴ ተቀምጣ እጄን ያዘችኝ። ጠበቅን። ውኃው ፈላ። እንፋሎቱ ከአፉ ቀጥ ብሎ ወጣ፣ መስኮቱን አላበው።

"ማፏጫው ተበላሽቷል ብዬሽ አልነበረም?" አልኳት።

ነፃ እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋለች። "እማዬ፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማው ነው" አለችኝ።

እንፋሎቱን አየሁት። ብዙ አየሁት። እሷ ተነሥታ አጠፋችው።

ማዕድ ቤት ሲንሾካሾኩ የነበረው ስለ ጆሮ ሐኪም ቀጠሮ ነው። ሽቦ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ያውቃል። የሱቁ በር ደወል ሲጮህ ዞር እንደማልል አይቶ ነው። በምን ቋንቋ እንደሚነግሩኝ ሲጨነቁ ከርመዋል።

ነሐሴ 3፣ ዓርብ

ሐኪም ዘንድ። ጠባብ ክፍል፣ ጆሮ ላይ ማዳመጫ። ድምፅ ሲሰሙ ቁልፉን ይጫኑ አለችኝ ረዳቷ። ብዙ ደቂቃ ሳልጫን ተቀመጥኩ። "ማሽኑ ይሠራል?" አልኳት። ይሠራል።

ወረቀቱ ላይ ያለው መስመር ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ወደ ታች ይሄዳል። የታችኛው ድምፅ ደህና ነው፤ ላይኛው ሄዷል። ሐኪሙ "ለብዙ ዓመት ምን አጠገብ ነው የቆሙት?" አለኝ። ሲምባል አልኩት። አይመለስም። ጆሮ ላይ የሚደረግ መሣሪያ አለ፤ ለንግግር ይረዳል።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው። ዕቃ ወነጀልኩ፣ ልጄን ወነጀልኩ፣ ከበሮ መቺውን ወነጀልኩ። ወንድሜን ሌባ አልኩት።

ነሐሴ 8፣ ረቡዕ ማታ

አሮጊቷን እንደተፈታታች ይዤ ሄድኩ። ሳጥኑን ከፍቶ ሲያይ ጎንበስ እንዳለ ቀረ።

"ማን ነው የከፈታት?"

"እኔ።"

"በምን?"

"አንተ በተውከው መበየጃ።"

የተነቀሉትን ሽቦዎች በጣቱ ጫፍ ነካ ነካ አደረጋቸው። በወረቀት ጠቅልዬ ያመጣሁትን የቀለም ቅራፊ መዳፉ ላይ አስቀምጦ አየው። "አሁን እውነትም ከሙሽራዋ ጋር እኩል ልትሸጥ ነው" አለ። ሊስቅ ፈልጎ አልሆነለትም።

ይቅር በለኝ አልኩት። ሌላ ብዙ ነገር ልናገር ነበር የሄድኩት፤ ከዚህ ቃል በላይ አልወጣ አለኝ። አለቀስኩ።

ከንፈሩን ማየት እንድችል ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። "ያኔውኑ ይቅር ብዬሻለሁ" አለ። "ጆሮሽ መሆኑን አውቃለሁ እኮ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ? አልሰረቅሁም አይባልም?"

"ብል ጠበቃው አያምነኝም። የሚያምነኝ ምክንያቱን ስነግረው ነው። ደንበኛ ፊት እህቴ አይሰማትም ልበል? ጊታሪስት ነሽ እኮ እታለም። እንጀራሽ ነው።"

ክው አልኩ። ጠበቃው ከዚያ ቀን ወዲህ ሱቁ ደርሶ አያውቅም፤ እሱ የሚልካቸው ሰዎችም ቀርተዋል። ይህንን ሽቦ አልነገረኝም። ባዶውን የጥገና መደርደሪያ አይቼ ነው የገባኝ።

ነሐሴ 11፣ ቅዳሜ

ጠበቃው ቢሮ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳጠና ነበር፤ ከገባሁ በኋላ ሁሉም ጠፋኝ።

"ወንድሜ አልሰረቀኝም" አልኩት። "ጆሮዬ ነው። ቀጭን ድምፅ አልሰማም። እርስዎ ፊት ሌባ ያልኩት እርስዎ ፊት እንድመልሰው ነው የመጣሁት። ለሌላም ሰው ነግረው ከሆነ ይህንንም ይንገሩልኝ።"

"እንዲህ ከሆነ እንዴት ነው የሚጫወቱት?" አለ።

"እሱን ገና አላወቅሁም።"

አዘነልኝ፣ በጨዋ ደንብ። ከዚያ ስለ አሮጊቷ ጠየቀኝ። ከፍቻታለሁ፣ ብየዳውን አቅልጬዋለሁ ስለው ፊቱ ላይ ለጆሮዬ ያላሳየውን ሐዘን አየሁ። ቢያንስ እሷን ሽጭልኝ ማለቱን ያቆማል።

ሰኞ ያን ጊታሩን ለጥገና ለሽቦ እንደሚመልስ ቃል ገብቷል። ወሬው እስከ ማታ አዳራሹ ይደርሳል። ይድረስ።

ነሐሴ 15፣ ረቡዕ

ለከበሮ መቺው ራሴ ነገርኩት። "ሲምባሎቼን ይቅርታ ጠይቂያቸው" አለ። ቀረጻውን ሌላ ሰው ይጫወተው እንዴ ስለው ተቆጣ። "ጣትሽም ደንቁሯል?" አለኝ። ጠበቃው ጊታሩን መልሷል፣ ሽቦም እሑድ ምሳ መጥቷል። ብዙ በላ። ብዙ አላወራም። ገና ነው።

ነሐሴ 24፣ ዓርብ ማታ

ተቀረጽን።

ሽቦ አሮጊቷን ገጥሟታል። የተፈነቀለውን ቀለም በቦታው ለጥፎታል፣ ስንጥቁ ግን ይታያል። የድምፅ ቁልፏ ላይ ጠባብ ነጭ ቴፕ ለጠፈና "ከዚህ መስመር እንዳታልፊ፤ ካለፍሽ ሰው ጥርሱን ያመዋል" አለኝ። ለመጠባበቂያ ሙሽራዋንም ይዞ መጥቶ ነበር። የስቱዲዮው ሰው ሁለቱንም ሞክሮ "ለእኔ ልዩነት የላቸውም" አለ። እኔና ሽቦ ተያየንና ሳቅን፤ ከሰኔ ወዲህ የመጀመሪያችን ነው።

የመጨረሻው ያች ቀስ ያለች ዜማ ነበረች። ወንበር አስመጥቼ ሽቦን ከፊቴ አስቀመጥኩት። ጀመርኩ። ታችኛው ሁሉ አለ፣ እየሰማሁት ነው። ወደ ላይ ስወጣ ብርድ ልብሱ መጣ፤ ጣቴን ብቻ ተከትዬ ሄድኩ። ቴፑን አላለፍኩም። አንድ ቦታ ላይ ጠፋሁ ብዬ ፈራሁ። ቀና ብዬ ወንድሜን አየሁት።

ከፍተኛዋ ኖታ ላይ ጣቴን አሳረፍኩ።

ዓይኑን ጨፈነ።